ሊቀ ጥንቃቄ ምንዋጋውና የኪዳነ ምሕረት ጣሪያ

በአገራችን አስጠንቃቂ የሌለው ከተማ የለም። ፖስታ ቤት የሌለው ከተማ አይቻለሁ፤ ሐኪም የሌለው አይቻለሁ፤ ውሃ የሌለውማ ሞልቷል። አስጠንቃቂ ግን የትም አይጠፋም። ማንም አልሾመውም፣ ደመወዝም አልተቆረጠለትም፣ ነገር ግን ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ስትቀመጥ ወንበሩ ይሰበርብሃል ይልሃል፤ ስትቆም ፀሐይ ይመታሃል ይልሃል፤ ስትበላ ትን እንዳይልህ ብሎ ጉርሻህ ላይ ያፈጥጣል።

የሰቆጣው አስጠንቃቂ አቶ ምንዋጋው ይባላሉ። እኔ በልቤ «ሊቀ ጥንቃቄ» የሚል ማዕርግ ሰጥቻቸዋለሁ። ሥራቸው በአውራጃው ጽሕፈት ቤት የሕንፃ ጥገና ነው፤ የሚያፈስ ጣሪያ ይደፍናሉ፣ የወለቀ ማጠፊያ ይመልሳሉ። ይህን ግን ለእንጀራ ያህል ነው የሚሠሩት። ዋናው ሥራቸው የሰቆጣን ሕዝብ ከሰቆጣ ማዳን ነው።

በ1961 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ በመምህርነት ተመድቤ ስመጣ ገና ከበቅሎ ሳልወርድ ነው የተዋወቅኋቸው። «መምህር! ከዚያ በረንዳ ሥር እንዳይቆሙ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «አግዳሚው በምስጥ ተበልቷል። በኋላ ምንዋጋው አልነገረንም እንዳትሉ!» ዞር ብዬ አየሁ፤ ከእኔና ከበቅሎዋ በቀር ሰው አልነበረም። ኋላ እንደተረዳሁት አቶ ምንዋጋው ለአንድ ሰው ሲናገሩም ለመላው ሕዝብ ነው የሚናገሩት። በረንዳው ዛሬም እንደቆመ ነው።

አንድ ጊዜ ሠርግ ቤት አብረን ተጠራን። ሊቀ ጥንቃቄ ገና እንደገቡ የዳሱን ምሰሶ በዓይናቸው ለኩ። «ይህ ምሰሶ አልተቀበረም» አሉ። ማንም አልሰማቸውም። ሚዜዎቹ ይዘፍናሉ፣ ጠላው ይቀዳል። እሳቸው ተነሥተው ምሰሶውን ለማስረዳት ያህል በሁለት እጃቸው ነቅነቅ ቢያደርጉት ዳሱ ሙሽሮቹ ላይ ወረደ። ከቅጠሉ ሥር የሁላችንም ዋይታ ሲሰማ የሳቸው ድምፅ ግን የድል ነበር፤ «አልነገረንም እንዳትሉ!»

ከሁሉ የሚያማርረኝ ግን አብሮ መንገድ መሄድ ነበር። ቤታችን ጎን ለጎን ስለሆነ ከገበያው ወደ ላይ ያለውን ዳገት አብረን እንወጣለን። ሌላ ሰው በሩብ ሰዓት የሚወጣውን እኛ አንድ ሰዓት ይፈጅብናል። ሃያ እርምጃ ሳንሄድ እጅጌዬን ጨበጥ ያደርጉና «ቆይ መምህር! ይህን ድንጋይ እየው። ክረምት ሲመጣ ይንሸራተታል» ይላሉ። እናያለን። ድንጋዩም ያየናል። ሃያ እርምጃ እንሄዳለን። «ቆይ! ያ ግንብ ሆዱን አልነፋም?» እናያለን። በዚያ ዳገት ላይ የማላውቀው ድንጋይ የለም፤ ስም ማውጣት ብቻ ነው የቀረኝ።

እንግዲህ በ1963 ዓ.ም. ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ኪዳነ ምሕረት የሣር ክዳኗ አርጅቶ ስለነበር አንድ ነጋዴ የሲሚንቶ ቆርቆሮ ሰጠ። ያ ግራጫ፣ ከባድ፣ አስቤስቶስ የሚሉት ዓይነት ነው። ከኮረም እስከ ሰቆጣ የተጫነው በግመል ነበር። ግመል ደግሞ የሚሰበር ነገር መጫኑን ቢነግሩትም ግድ የለው። ሲደርስ ከየአራቱ ቆርቆሮ የሦስቱ ጠርዝ ተሸራርፎ ነበርና አናጢው ጓንጉል በመጋዝ እየቆረጠ ያስተካክለው ጀመር።

ጓንጉል የአቶ ምንዋጋው የእህታቸው ልጅ ነው፤ ከዘመድ የቀራቸውም እሱ ብቻ ነው። ሰውነቱ ግዙፍ፣ ሳቁ ግዙፍ፣ ድምፁማ አይነገርም። በሠርግ ቀን ሲፎክር ዶሮዎች ከቆጥ ይወርዳሉ። መጋዙን ሲስበው ነጭ ብናኝ ቡልቅ ይላል፤ በቆርቆሮው ሸንተረር ውስጥ የቀረውን ደግሞ ጎንበስ ብሎ እፍ ይለዋል። ከቀኑ እኩሌታ በኋላ ሰውየው ከወፍጮ ቤት የወጣ ይመስል ነበር።

ሊቀ ጥንቃቄ ይህን ሲያዩ ከሩቅ ጮኹ። «አቁም! ጓንጉል አቁም! በውሃ አርሰው! አፍንጫህን ሸፍን!»

«አያ ምንዋጋው» አለ ጓንጉል መጋዙን ሳያቆም፣ «ጣሪያ የሚሠራው ዝናብ እንዳያረጥበን ነው። እርስዎ ገና ሳይሠራ አርጥበው ይሉኛል?»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አልዋሽም።

በማግሥቱ ሊቀ ጥንቃቄ ምሳሌ ሊሆኑ ፈልገው ጋቢያቸውን ከዓይናቸው በታች ሰባት ዙር ጠምጥመው መጡ። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ሽፍታ የመጣ መስሎት ምንሽሩን ደገነባቸው። እጃቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ቆሙ፤ ከጋቢው ውስጥ ግን የታፈነ ድምፅ ይወጣ ነበር። «ጠመንጃህ ዝጓል! በራስህ ላይ ይፈነዳብሃል! በኋላ ምንዋጋው አልነገረንም...»

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ሦስተኛው ቀን ወይዘሮ እማዋይሽ መጡ። ወይዘሮ እማዋይሽ ወገባቸውን የሚያማቸው ባልቴት ናቸው፤ ዐሥር ጠበል ተጠምቀዋል። ከጓንጉል መጋዝ ሥር የተከመረውን ነጭ ዱቄት አዩና አማተቡ። የኪዳነ ምሕረት ነው፤ ከራሷ ጣሪያ የወረደ ነው፤ ታዲያ እምነት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ከቤተ ክርስቲያን የተገኘ አመድና አፈር ግንባር ላይ ሲቀባ፣ ሕመም ላይ ሲታሽ የኖረ አገር ነው። አንድ እፍኝ ዘግነው በመቀነታቸው ቋጠሩ።

በማግሥቱ ወገቤ ቀለለኝ አሉ። ከዚያም በሁለት ቀን ከፃግብጂ ድረስ ሴቶች ቅል ይዘው ተሰለፉ። ጓንጉልም መጋዙን እየሳበ፣ ብናኙን በመዳፉ እየሰፈረ፣ «ለርስዎም ይድረስዎት እሜቴ» እያለ ያድል ጀመር። እናቶች የልጆቻቸውን ግንባር ይቀቡበታል። እንዲያውም አንዷ አፍንጫዬ ተደፍኗል ብላ ልትስበው ስትል ሊቀ ጥንቃቄ ደረሱ።

«ጣይው! መርዝ ነው!» ብለው ቅሉን ከእጇ መቱት።

ሰልፉ ተንጫጫ። የኪዳነ ምሕረትን እምነት መርዝ አለ! እስከ ማታ ድረስ ወሬው ከተማውን አዳርሶ አቶ ምንዋጋው ሃይማኖታቸውን ቀይረዋል ተባለ። በማግሥቱ ደግሞ በደጀ ሰላሙ ለደብሩ አስተዳዳሪ ለአለቃ ገብረ አማኑኤል መልስ እንዲሰጡ ተጠሩ። እኔም ጽሕፈት ያውቃል ተብዬ ቃለ ጉባኤ ልይዝ ተቀመጥኩ።

አለቃ ገብረ አማኑኤል ሽማግሌ ናቸው፤ ዝግ ብለው ነው የሚናገሩት። «ምንዋጋው፣ እምነቱን መርዝ ብለሃል ይሉሃል። እውነት ነው?»

«አለቃ፣ ስለ እምነት አንድ ቃል አልተናገርኩም። ያልኩት የቆርቆሮውን ብናኝ ነው። እሱ ደግሞ የመጣው ከፋብሪካ ነው።»

«ከፋብሪካ ቢመጣስ!» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ ከኋላ። «የታቦቷ ጥላስ ከፋብሪካ አይደል የመጣው?»

አለቃ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊቀ ጥንቃቄም ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ብናኙ አንተን ምን አድርጎህ ነው?» አሉ አለቃ።

አቶ ምንዋጋው ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩት። «በ1942 ዓ.ም. ምጽዋ ነበርኩ» አሉ። «የእንፋሎት ቧንቧ በዚሁ በአስቤስቶስ እንለብጥ ነበር። ሦስት ነበርን፤ ደርቤ፣ ወልደ ሐዋርያትና እኔ። ምሳችንን ዱቄቱ ላይ ተቀምጠን ነበር የምንበላው። እየተወራወርንበት እንስቅ ነበር። ጓንጉል ዛሬ እንደሚስቀው።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ደርቤ በዐሥራ አምስተኛው ዓመት ትንፋሽ አጥሮት ሞተ። በዓመቱ ወልደ ሐዋርያት ተከተለው። ሐኪሙ ብናኙ ከገባ አይወጣም፣ ዓመት ቆይቶ ነው የሚይዘው አለኝ። አለቃ፣ እኔም እንደ ጓንጉል እፎክር ነበር። ዛሬ ሻማ እፍ ብዬ ማጥፋት ያቅተኛል። ያለኝ እሱ ብቻ ነው። እየሳቀ ሲተነፍሰው ማየት አልቻልኩም።»

ጓንጉል በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እጁ ላይ ያለውን ብናኝ አየና ልብሱ ላይ ሊጠርገው ሲል ልብሱም ነጭ ሆኖ አገኘው። እጁን አንጠልጥሎ ቀረ።

አለቃ የጓንጉልን እጅ አዩ። «ምን ይሻላል ትላለህ?»

«ከመቁረጡ በፊት ማራስ። አፍና አፍንጫን መሸፈን። ብናኙን ሳይደርቅ ሰብስቦ ጥልቅ ጉድጓድ መቅበር። እንዲህም ሆኖ ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም።»

ያን ጊዜ አለቃ ፈገግ አሉ። «ታዲያ ይህ የእኛ ሥራ አይደለም እንዴ?» ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ስሙ! የኪዳነ ምሕረት ጣሪያ ጠበል ሳይረጭ መጋዝ እንዳይነካው። የሚቆርጠው ሰው ቆርቦ እንደወጣ ሰው አፉን ይሸፍን። የተረፈው የታቦቷ ንብረት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ንዋይ ሲያረጅ እንደምንቀብረው ይቀበራል። አንዲት ጭብጥ ወደ ቤቱ የወሰደ ሰው አርሶ፣ ጠቅልሎ እስከ ነገ ይመልስ።»

በውሃ አርሰው ሲባል ከሳቀው ሠራተኛ ጠበል ሲባል ማንም አልሳቀም። በማግሥቱ አለቃ በመስቀላቸው ጫፍ ጠብ ጠብ ሲያደርጉ ሊቀ ጥንቃቄ ከጎናቸው ቆመው «ይጨምሩበት አለቃ! ጥግ ጥጉን! ይህኛው አልራሰም!» ሲሉ፣ አለቃ በመጨረሻ ተማርረው የጠበሉን እንስራ እንዳለ ገለበጡበት። በዚያ ዓመት በዋግ ምድር እንደዚያ ጣሪያ የተጠመቀ ፍጡር አልነበረም። ሠራተኛውም ነጠላውን አፉ ላይ አስሮ ማታ ማታ ልብሱን ሳያራግፍ ውሃ ውስጥ ይነክር ጀመር። ወይዘሮ እማዋይሽ መቀነታቸውን እንደቋጠሩ ነክረው አመጡ። «ወገቤ ግን ድኖ ነበር» አሉ እያጉረመረሙ።

«ይኸው በመመለስዎ ደግሞ ይበልጥ ይድናል» አሏቸው ሊቀ ጥንቃቄ፤ እናም በማግሥቱ ድኖ ተገኘ።

ጣሪያው ሲያልቅ ጓንጉል ጫፉ ላይ ቆሞ ሰቆጣ ድረስ የሚሰማ ፉከራ ለቀቀ። ሕዝቡ እልል አለ። አቶ ምንዋጋው ከታች ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ ይጮሁ ነበር፤ «ወርደህ ፎክር! ትወድቃለህ!»

ማታ ወደ ቤታችን ዳገቱን ጀመርን። ሃያ እርምጃ እንደሄድን እጅጌዬን ጨበጥ አደረጉ። «ቆይ መምህር፣ ይህን ድንጋይ እየው።» ያን ዕለት ግን ድንጋዩን አላየሁም። እሳቸውን አየሁ። አንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነበር፤ ከንፈራቸው ገርጥቶ ትንፋሻቸውን ይለምኑ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ያን ሁሉ ድንጋይ፣ ያን ሁሉ ግንብ ያሳዩኝ ለዚህ ኖሯል። እኔ ደግሞ በየማታው ቤቴ ገብቼ እማረርባቸው ነበር። አፈርኩ፣ ልቤም ተነካ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሃያ እርምጃ አላስጨርሳቸውም። ዐሥራ አምስቱ ላይ ቀድሜ እጅጌያቸውን እይዝና «ቆይ አቶ ምንዋጋው! ይህ ድንጋይ አላማረኝም» እላለሁ። እሳቸውም ቆመው፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ድረስ ድንጋዩን በጥሞና መርምረው፣ «ይሄ እንኳን ደህና ነው» ይሉኛል፤ «አንተ ደግሞ ስትፈራ!»