ኩባ ተከፈተች ወይስ ተዘጋች?

አንዳንድ ሱቅ አለ፣ ክፍት መሆኑን ሳታውቅ በፍጹም አትሄድም። ትደውላለህ፣ ትጠይቃለህ፣ ያለፈ ሰው ታስቆማለህ። አገርም እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ያወቅሁት እዚህ ሚኔሶታ ከመጣሁ ወዲህ ነው።

ኩባን ነው የምላችሁ።

አሜሪካና ኩባ ጎረቤት ናቸው። የተኳረፉት ግን እኔ ጺም ከማብቀሌ በፊት ነው። አንዱ ፕሬዚዳንት ይመጣና ኮሚኒስት ናት ብሎ ማዕቀብ ይጥልባታል። ሌላው ይመጣና ኤምባሲ ይከፍታል፣ ባንዲራ ይሰቅላል፣ ይጨባበጣል። ቀጣዩ ደግሞ መጨባበጡን ይሽራል። ይህን አንብቤ አይደለም፤ ፊደል አልቆጠርኩም። እዚሁ ኤርፖርት የመንገደኛ ዊልቸር እየገፋሁ ስሠራ ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን አይዘጋም ነበር፤ ከሱ ነው።

እውነቱን ለመናገር ኩባ ብትዘጋም ብትከፈትም እኔን እንቅልፍ አትነሳኝም። ጌታቸው ባይኖር።

ጌታቸው ኩባ ነው የምንለው። ኩባ የአባቱ ስም አይደለም። አባቱ ኦጋዴን ጦርነት ላይ የወደቀ ወታደር ነው። የዚያን ጊዜው መንግሥት እንዲህ ያሉትን ልጆች ሰብስቦ በመርከብ ኩባ ላካቸው። ጌታቸው ሲሄድ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ሲመለስ ጎረምሳ ሆኖ፣ አማርኛው ተሰባብሮ፣ ሩዝ በጥቁር ባቄላ አምጡልኝ እያለ። ዛሬ እዚህ ሚኔሶታ የሆቴል ሚኒባስ ይነዳል። መንገድ ላይ ሲናደድ የሚሳደበው በስፓኒሽ ነው። ተሳዳቢ አይደለም ብለው የሚመሰክሩለት ስፓኒሽ የማይሰሙ ብቻ ናቸው።

እዚያ ያሳደገችው ማማ ኒልዳ የምትባል የትምህርት ቤቱ ወጥ ሠሪ ናት። ትኩሳት ሲይዘው አጠገቡ የምታድር እሷ፣ የጫማ ክር ማሰር ያስተማረችው እሷ። ወላጅ እናቱ ቀደም ብላ ስለሞተች፣ ጌታቸው "እናቴ" ካለ ማማ ኒልዳን ማለቱ ነው።

ባለፈው ፊቱ ጠቁሮ ቤቴ መጣ። የማማ ኒልዳ ጎረቤት መልእክት ልካለታለች። አንዱ ዓይኗ ጠፍቷል፤ ሁለተኛውም እየደከመ ነው፤ ፊትህን እንድታየው ከፈለግህ አሁኑኑ ና፣ ይላል።

"ሂዳ!" አልኩት።

"ጋሼ፣ እንደገና አጥብቀውታል እኮ። ለሽርሽር ክልክል ነው። ለምን እንደምትሄድ ፎርም ላይ ቼክ ታደርጋለህ። ቤተሰብ ጥየቃ ይፈቀዳል፤ ግን የሥጋ ዘመድ ነው የሚሉት።"

"እናትህ አይደለችም እንዴ?"

"ናት። ወረቀት ግን የለኝም።"

እኛ አገር ወረቀት የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይይዛል። ጌታቸውም ያዘ። አንደኛው አቶ ሀብቶም ነው፤ አስመራ በአማርኛ የተማረ፣ እንግሊዝኛውም እንደ ውኃ የሚፈስ። ሁለተኛው ሐጂ ኑር ናቸው፤ ፍሮግታውን የሚባለው ሰፈር ውስጥ የቅመም ሱቅ ነበራቸው። ሦስተኛው እኔ። እኔ ለምን እንደተመረጥኩ አውቃለሁ። ዝም ያለ ሽማግሌ ብዙ የሚያውቅ ይመስላል።

ሀብቶም ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። "ስለ መዘጋትና መከፈት እኔን ጠይቁኝ" አለ። "እናንተንና እኛን የለየው ድንበር ስንቴ ተከፍቶ ስንቴ እንደተዘጋ ቆጥሬ አልዘለቅሁትም። የአሜሪካው ገና ልጅ ነው።"

የበረራው ቀን ጠዋት ኤርፖርት ተገኘን። እኔ ለሠርግ የማስቀምጣትን ኮት ለበስኩ። ሐጂ ነጭ ኮፍያቸውን አደረጉ። ጌታቸው ፎርሙ ላይ "ቤተሰብ" የሚለውን ቼክ አድርጎ፣ ካውንተሩ ጋ ላለችው ሴት ፓስፖርቱን ሰጠ። እኛ ከኋላው በመስመር ቆምን።

መቼም ታውቃላችሁ፤ ለሽምግልና የሄደ ሰው እሺ ሳይባል አይቀመጥም።

ሴትዮዋ ቀና ብላ ሦስት ሽማግሌ አየች። ወንበር አሳየችን። ሀብቶም በዚያ በሚፈሰው እንግሊዝኛው፣ እሺ ሳትይን አንቀመጥም አላት። ፈገግ አለችና ስልኳን አነሳች። እኔ ደስ አለኝ። አለቃዋን መጥራቷ ነው፣ ነገሩ ወደ ላይ ወጣልን አልኩ።

ጥቂት ቆይቶ ሦስት ዊልቸር መጣ።

አንዱን የምትገፋው ዘነበች ናት፤ ስንት ዓመት አብረን ሠርተናል። "ውይ ጋሼ! ምን ሆኑብኝ?" አለች።

"ምንም። ለሽምግልና መጥተን ነው።"

"ታዲያ ይቀመጡ!"

"አንቀመጥም።"

"ኧረ በማርያም! ሦስት የሚገፋ ሰው አለ ተብዬ ነው የመጣሁት። ባዶውን ይዤ ስመለስ አለቃዬን ምን ልበለው?"

ሐጂ ኑር ዊልቸሩን አዩት። ጉልበታቸውን አዩት። ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሀብቶም በዓይኑ ሲቆጣቸው፣ "የተቀመጠው ጉልበቴ ነው፤ ነገሩ እንደቆመ ነው" አሉት።

በመጨረሻ የካውንተሯ ሴትዮ ምን እንደምንፈልግ ጠየቀች። ሀብቶም ጉሮሮውን ጠረገ። ከመርከቡ ጀመረ። ከመርከቡ ወደ ወጥ ቤቱ አለፈ። ወጥ ቤቱን ጨርሶ ትኩሳቱ ጋ ሲደርስ ሴትዮዋ ለጌታቸው ፎርሙን መለሰችለት። እዚህ ጋ ለኩባ ሕዝብ ድጋፍ የሚል አለልህ፣ ለአሮጊቷ መድኃኒትም ምግብም ይዘህላት ከሆነ የምትሄደው ይህን ቼክ አድርግ፣ የሥጋ ዘመድ መሆን አያስፈልገውም አለችው። ሻንጣው መድኃኒት ብቻ ነበር። ቼክ አደረገ። ቦርዲንግ ፓሱ ወጣ።

ሀብቶም ግን ተቀየመ። "ታስጨርሰኝ እንጂ! የጫማውን ክር ገና አልነገርኳትም!"

ጌታቸው ሄደ። እኛ ሦስታችን አሜሪካን ያሸነፍን ያህል ደረታችን ተነፍቶ ወደ ቤታችን ተመለስን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ሐጂ ቤት ተሰብስበን ምስጋናችንን እየጠበቅን ነው። ጌታቸው ግን አቀርቅሮ ተቀመጠ።

"አላየችህም?" አሉ ሐጂ ደንግጠው።

አይታዋለች። በቀረችው ዓይኗ ለይታ፣ አገጩን ይዛ፣ አልቅሳ፣ አብልታዋለች። ከዚያ ሳህኑን እያነሳች፣ መንገዱ መቼ ተከፈተ ብላ ጠየቀችው። ጌታቸው ለማንም ይዋሻል፤ ለሷ መዋሸት ግን አይሆንለትም። ባንዲራው የተሰቀለ ጊዜ ተከፍቶ ነበር፣ ከዚያ ተዘጋ፣ ከዚያም ትንሽ ተከፍቶ ነበር አላት።

"ባንዲራው ሲሰቀልማ በቴሌቪዥን አይቼ አልጋህን አነጠፍኩ" አለችው። "ያን ጊዜ የት ነበርክ?"

ኦቨርታይም ነበረ፣ ቤት እየገዛሁ ነበር፣ ከዚያ ልጄ ተመረቀች፣ አላት። አንድ በአንድ ሰማችው።

"ከዋሽንግተን ማዕቀብ የጣሉብኝን ሁሉ በስማቸው አውቃቸዋለሁ፣ ልጄ" አለችው። "አንተ ከነሱ አንዱ መሆንህን ግን አላውቅም ነበር።"

ለአሜሪካ ያን ያህል ንግግር ያዘጋጀው ሀብቶም እንኳ ኮፍያውን ማገላበጥ ያዘ። ማንን እንሸምግል? ከማን ጋር?

"ታዲያ" አለ ሀብቶም፣ "ሁለተኛው ዓይኗ ሳይጠፋ መቼ ትመለሳለህ?"

ጌታቸው ሰዓቱን አየ። ሺፍቱ ደርሶበታል። ጃኬቱን አነሳ።

"ሁኔታዎች ሲመቻቹ" አለን።

ይህችን ቃል ከብዙ መንግሥት አፍ ሰምቻታለሁ። እንዲህ ከልብ ስትነገር ግን የመጀመሪያዬ ነው።