አቶ ይደገም በመለኪያው ክፍል

የትም መሥሪያ ቤት ግቡ፣ የምሥራች ሲነገረው ፊቱ የማይፈታ አንድ ሰው አታጡም። ፀሐይ ወጣች ቢሉት መስኮት ከፍቶ የሚያጣራ ዓይነት ነው። በዚህ ቤተ ሙከራ የወገኑ ተጠሪ ክቡር አቶ ይደገም ናቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ መለኪያው ምንም ቁጥር ቢያሳይ «ይደገም» ከማለት ስለማይመለሱ ግን ስማቸው እሱ ሆኖ ቀረ። የልጅ ልጃቸው «ከክፍላችን አንደኛ ወጣሁ» ብትላቸው፣ «ስንት ናችሁ?» አሏት ይባላል።

የቤተ ሙከራው ወጣት ኬሚካል ቀማሚ ግን በዚህ የምትስቅበት ጊዜ አልነበራትም። በውሃ የሚሟሟ፣ ሲደርቅ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፖሊመር፣ ማለትም ፕላስቲክ መሰል ቁስ፣ ለመሥራት ላይ ታች ስትል ከርማለች። ቢሳካላት፣ ያለ መርዛማ ማሟሚያ እንደ ቀለም በብሩሽ የሚቀባ ነገር ይሆናል። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ግን «በዚህ ሳምንት ካልሠራ ሥራውን እንዘጋዋለን» ብለዋታል።

ጥቁር አረንጓዴውን ቅብ መስታወት ላይ አድርቃ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ የሚያሳየውን መለኪያ መርፌዎች አሳረፈችበት። ጎንበስ ብላ ስታይ ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ። ኃላፊውም ተጠርተው መጡና አጎንብሰው «ጎሽ! ጎሽ!» ሲሉ ጭራሽ ተመነደገ።

«ይደገም» አሉ አቶ ይደገም። «ደሞ አፋችሁን ዞር አድርጉ።»

ዞር ሲሉ ቁጥሩ ቁልቁል ወረደ።

«ውሃ ወዳድ ነገር እኮ ነው የሠራሽው፣ እህቴ። ትንፋሻችሁን እየጠጣ ነው። የሚያስተላልፈው እርጥበቱ ይሁን ፖሊመሩ በምን ይታወቃል?»

ኃላፊው አኩርፈው ወጡ። ቀማሚዋ ቆሽቷ አረረ፤ ግን ነገሩ ከነከናት። እውነት የትኛው ይሆን? ቅቡን እንደገና አደረቀችና ክዳኑ በደንብ በማይገጥም የመስታወት ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። አቶ ይደገም ሳይጠየቁ እርጥበት የሚመጥ ጠጠር አምጥተው ዙሪያውን ነሰነሱ። መስኮቱንም ዘጉ።

ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደና ቆመ። ትንሽ ነው፤ ግን ንቅንቅ አላለም። እርጥበቱ ተመጥቶም ፖሊመሩ ራሱ ያስተላልፋል ማለት ነው።

ዞር ብትል አቶ ይደገም ጉንጫቸውን ነፍተው፣ አፍና አፍንጫቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸው ደም መስሎ ቁጥሩ ላይ ተተክለዋል።

«ጋሼ፣ ኧረ ተንፍሱ!»

ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ወደ ኮሪደሩ ሮጡ። በረጅሙ ሲተነፍሱ ሰማቻቸው፤ ወዲያው የኃላፊውን በር ይደበድቡ ጀመር።

«ይምጡ እንጂ! ሠርቷል! የልጅቷ ሠርቷል!»

ለካ ከእሷ እኩል ጓጉተው ኖሯል። ቀማሚዋ እንባዋ መጣ፤ ቅቡን እንዳያረጥበው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።