ሁለተኛ ቫዮሊን በገዛ ቤቴ

ቤቱን የተቀማ ሰው ይናደዳል፤ ይኸ ያለ ነው። ቀማኛው እዚያው ቤቱ ውስጥ አስቀምጦ «ቀስ በል፣ አሁን ፈጠን በል፣ እዚህ ጋ ደግሞ በፍቅር» እያለ ሲያዘውስ? ለዚህኛው ንዴት አማርኛችን ስም ያወጣለት አይመስለኝም። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የኔው ጅብ ቁርበቱ ላይ ተቀምጦ ቫዮሊን ይጫወት ነበር።

ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ ሰሞን አንድ ካፒቴን ጉለሌ ያለውን የቆርቆሮ ቤቴን ወደደውና ገባበት። እኔና ባለቤቴ አስካለ ወደ ማድቤቱ ተዛወርን። ማድቤቱ የሣር ክዳን ነው፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ዝናብ እኛን ሳይጎበኝ አያልፍም። አስካለ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። «ልጄን ጭስ ውስጥ አልወልድም፤ ቤቴን አስመልስልኝ» ትለኛለች ጠዋት ማታ። ንጉሥ ያሰደደ ጦር በምን ዘዴ ከቤት እንደሚወጣ ግን አልነገረችኝም።

ዘዴው በቫዮሊን በኩል መጣ። ከወረራው በፊት ከአንድ አርመን ጎረቤቴ መጫወት ተምሬ ነበር። ካፒቴኑ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። እሱ አንደኛ ቫዮሊን፣ አንድ ሐኪም ወዳጁ ጉልበት መሀል የሚታቀፈውን ቼሎ፣ እኔ ሁለተኛ ቫዮሊን። አስቡት እንግዲህ፤ በገዛ ቤቴ ሁለተኛ! የካፒቴኑ አለቃ የሆነው ኮሎኔል ሙዚቃ ወዳድ ነውና እሑድ ከሰዓት ሊሰማን ይመጣል። ደስ ካለው ለካፒቴኑ መሀል ከተማ ቪላ ይሰጠዋል፤ ቤቴም ይመለስልኛል። ካፒቴኑ በእናቱ ስም ማለልኝ።

ልምምዱ ግን ነፍሴን አወጣው። የነሱ ሙዚቃ ያለ ትእዛዝ አንድ እርምጃ አይራመድም። «አዳጆ» ቀስ በል ነው። እሺ፣ እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ እንደሚሄድ እኛም እናውቃለን። «ዶልቼ» በጣፋጩ ተጫወት ነው። ማድቤት የሚያድር ሰው ጣፋጩን ከየት ያምጣ? ከሁሉ ያቃጠለኝ ከዜማው ራስጌ የተጻፈው ነው፦ «አሌግሮ ማ ኖን ትሮፖ»። ፈጠን በል፣ ግን አይብዛ ማለት ነው። አይብዛ! ባሕር ተሻግሮ፣ አገር ይዞ፣ ቤቴን እስከ ወንበሩ ወስዶ ሲያበቃ እኔን አይብዛ ይለኛል!

እሑድ ደረሰ። ኮሎኔሉ የኔው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጀመርን፤ ደህና ሄድን። መጨረሻው ላይ ሁለት ነጥብ አለ። በኛ ጽሕፈት ሁለት ነጥብ ቃል ከቃል ይለያል፤ በነሱ ሙዚቃ ግን ከመጀመሪያው ድገም ማለት ነው። ካፒቴኑ ጊዜ ለመቆጠብ ሲል በልምምድ ላይ አንድ ቀን እንኳ አስደግሞን አያውቅም። እኔ ደግሞ የደብተራ ልጅ ነኝ፤ ማኅሌት ቆሜ ያደግሁ። በኛ ዘንድ ዜማ ሲደገም እንደ መጀመሪያው አይደገምም። አስቀድሞ በእርጋታ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ሲመለሱበት ከበሮው ይገባል፤ እየፈጠነ ሄዶ በጭብጨባ ይሞቃል። በዚያው እርጋታ የሚደግመውን እንቅልፍ ይዞታል ብለው በክርን ይጎሽሙታል። እጄ የሚያውቀውን አደረገ፤ ፈጠንኩ። ሐኪሙ ተከተለኝ። ካፒቴኑ በዓይኑ «አይብዛ!» እያለ ይለምነኛል፤ እየለመነኝም ይሮጣል። ላብ በላብ ሆነን ስንጨርስ እግሬ ወለሉን እየመታ ነበር።

በቃ፣ ቤቴ ሄደ አልኩ። ቀና ስል ኮሎኔሉ ቆሞ ያጨበጭባል! እንዲህ ያለ ነፍስ ያለው ሙዚቃ በአገሬም አልሰማሁ አለ። ካፒቴኑን አቅፎ ሳመው። ልቤ በደስታ ልትወጣ ደረሰች። ከዚያ ኮሎኔሉ ፍርዱን ሰጠ፦ ይህን የመሰለ ነገር የወጣበትን ቤት መልቀቅ ኃጢአት ነው፤ ካፒቴኑ ከዚህ ንቅንቅ እንዳይል፣ እሱም በየእሑዱ ሊመጣ። የካፒቴኑ ፊት አመድ መሰለ፤ የኔን አላየሁትም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው።

ማድቤት ገብቼ ለአስካለ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ሰማችኝ። በኋላ፣ ከዜማው ራስጌ የተጻፈው ምን ነበር ያልከኝ ብላ ጠየቀችኝ። ፈጠን በል፣ ግን አይብዛ ይላል አልኳት።

«ታዲያ አንተ ማንበብ አትችልም?»