ጋሽ ይለያልና ሃያዎቹ ጠርሙሶች

ጋሽ ይለያልን አንድ ተራ ቀን የሚያስወጣቸው ይህን ነው፦ ሁለት ባዶ የክብሪት ቀፎ፣ ግማሽ ኪያር፣ አንድ የሱሪ ጉልበት፣ ከባለቤታቸው ጋር አንድ ኩርፊያ፣ ቢያንስ ደግሞ ሰዓቱን ሊያስጠግን መጥቶ ትዕግሥቱ አልቆ የተመለሰ አንድ ደንበኛ። እሑድ እሑድ ኩርፊያው ሁለት ይሆናል።

ሁለት ነገር "ያው ነው" ሲባል ሆዱን የሚቆርጠው አንድ ሰው በየትኛውም ግቢና በየትኛውም መሥሪያ ቤት አይጠፋም። እናንተም ታውቁታላችሁ። "ያው ነው" ብላችሁ አፋችሁን ሳትዘጉ መንገድ አቋርጦ ይደርስባችኋል። ለእኛ ግቢ የደረሱን ክቡር ጋሽ ይለያል ናቸው፤ ሰዓት ጠጋኝ፣ የወረንጦና የማጉያ መነጽር ጌታ፣ ከእኔ ቤት በአንድ ግድግዳ ብቻ የሚለዩ ጎረቤቴ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቁት ባለቤታቸው እትዬ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የሚጠሩበት ሲቆጡ ነው።

አንድ ቀን ድስት ጥጄ ሽንኩርት አለቀብኝና ከእሳቸው ቤት አንድ ወሰድኩ። በማግስቱ ገዝቼ መለስኩ። ሽንኩርቱን መዳፋቸው ላይ አድርገው ግራ ቀኝ አገላበጡት።

"ልጄ፣ ይኼ የኔ አይደለም።"

"የርስዎንማ በላነው፣ ጋሼ። ያው ሽንኩርት ነው።"

"ይለያል! የኔው ትከሻው ሰፊ ነበር።"

ከመንገድ ማዶ መንትያ ልጆች አሉ። አባታቸው እንኳ አንዱን ሁለቴ አጥቦ ሌላውን ከነጭቃው የሚያስተኛ ሰው ነው። ጋሽ ይለያል ግን የሱቃቸው በር ላይ ቆመው፣ በጆሯቸው ጫፍ ብቻ ለይተው ይጠሯቸዋል። አባትየው አንዳንዴ ልጆቹን ይዞ ይመጣና ቀስ ብሎ "ጋሼ፣ ይኼኛው የትኛው ነው?" ይላቸዋል።

የእኔን ቤት ያመሱት ግን ልጄ የተወለደች ሰሞን ነው። ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ "ቁርጥ አባቷን!" ይላል። አማቴ አልጋዬ ራስጌ ተቀምጠው ደረታቸው ተነፍቷል። ጋሽ ይለያል ማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰኩ፣ ልጅቷ ላይ ጎንበስ አሉ፣ ከእግር ጥፍሯ ጀምረው እስከ አናቷ መረመሩና ቀና አሉ። 

"ይለያል" አሉ።

ባለቤቴ ብርጭቆው እጁ ላይ ደርቆ ቀረ። "የጆሮዋን ጫፍ ማለቴ ነው እኮ! ሌላ ሌላውማ ይቀራረባል" ብለው ሊያስተካክሉ ሞከሩ። "ይቀራረባል" የምትለዋ ነገሩን ጭራሽ አባሰችው። አማቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰላም አላሏቸውም።

ይኼ ሁሉ ግን እጃቸውን የሚያፍታቱበት ነው። ዋናው ጉዳያቸው የቁጥቋጦ ፌንጣ ነው።

ለእኔ አረንጓዴ ሆኖ የሚዘል ነገር ሁሉ ፌንጣ ነበር። እሳቸው ዘንድ እንዲህ ብሎ ማለፍ የለም። የቁጥቋጦ ፌንጣ ጢሙ ከገዛ ሰውነቱ ይረዝማል፣ ጆሮው ደግሞ የፊት እግሩ ላይ፣ ከጉልበቱ ሥር ነው።

"ጉልበት ላይ ጆሮ፣ ጋሼ?"

"አንቺስ ልጅ ታቅፈሽ በር የምትከፍቺው በክርንሽ አይደል? ሁሉም እንደሚመቸው ነው።"

በግቢያችን የቁጥቋጦ አጥር ውስጥ የሚኖሩት ፌንጣዎች አንድ ዘር ሳይሆኑ ሁለት ናቸው ብለው መከራከር ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ቀለማቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ፣ የሚበሉት ኪያር ሳይቀር አንድ። የወንዱ ጅራት ጫፍ ላይ ግን እንደ ወረንጦ ያሉ ሁለት መንጠቆዎች አሉ፤ በእያንዳንዱ መንጠቆ ላይ አንዲት ጥርስ አለች። ጥርሷ በአንዳንዶቹ መሐል ላይ ናት፣ በሌሎቹ ጫፍ ላይ። የአሥራ አንድ ዓመቱ ጭቅጭቅ ይኼው ነው፤ ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ ጥርስ።

"ሴቶቹስ በምን ይለያሉ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ሴቶቹ ላይ እኔም አፍሬ ተመልሻለሁ። እነሱ ግን አይሳሳቱም። ወንዱ ክንፉን ፈትጎ ይዘፍናል፣ ሴቷ ሰምታ ወደ ራሷ ዘር ትሄዳለች። ማጉያ መነጽርም አያስፈልጋት።"

ዘንድሮ ታዲያ በክብሪት ቀፎ ናሙና ልከውላቸው ከነበሩት ከነፍሳት ተመራማሪዋ ዶክተር መልስ መጣ። ጋሽ ይለያል ደብዳቤውን ለግቢው ሁሉ ስላነበቡት በቃሌ ይዤዋለሁ። የጅራት ጥርስ በአንድ ዘር ውስጥም ሊለያይ ስለሚችል በእሱ ብቻ ሁለት ናቸው ማለት አይቻልም። ዘፈናቸውም ከተለየ ግን ዶክተሯ ራሳቸው መጥተው ይቀዳሉ። ስለዚህ ሃያ ወንድ ፌንጣ በየጠርሙሱ ተለይቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ የእያንዳንዱ ዘፈን ተጽፎ ይላክ። ዘፈኑ ከጥርሱ ጋር ካልገጠመ ነገሩ በዚሁ ይዘጋል።

አሥራ አንድ ዓመት በሃያ ጠርሙስ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ጠርሙሶቹን የሰጠሁት እኔ ነኝ። የማርማላታ ጠርሙስ አልጥልም፤ አንድ ቀን ይጠቅማል እላለሁ፣ ይኼው ጠቀመ።

አመሻሽ ላይ ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ግቢ ውስጥ መዞር ልማዴ ነው፤ ያለዚያ አትተኛም። ጋሽ ይለያል ከሱቃቸው ብቅ ይላሉ።

"ነይ እስቲ ልፈትንሽ! ቁጥር አራት ምን ይላል?"

ሁለት ዓይነት መልስ ነው ያለው። ዝዝዝዝዝ ብሎ ከሄደ "ያለማቋረጥ"፣ ዝርር፣ ዝርር፣ ዝርር ካለ "የተቆራረጠ"። እኔ እመልሳለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ።

"ጎበዝ! አለፍሽ።"

የፌንጣዎቹን ጅራት ግን አያሳዩኝም። "ካየሽው ጆሮሽ ያዳላል" ይላሉ። የትኛው ጠርሙስ የትኛው ጥርስ እንዳለው የተጻፈበትን ደብተር መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውበታል።

ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ባዮሎጂ ያገኘሁትን ውጤት እናቴም አታውቀውም። አሁን ግን አንድም አልሳት! በሦስተኛው ቀን ልጄ ስታለቅስ ፌንጣውን ሳልሰማ "የተቆራረጠ" አልኩ። "ጎበዝ!" በአራተኛው ቀን ድስቴ ሊያርብኝ ሆነና ከበሩ ሳልገባ "አምስትም ስድስትም ያለማቋረጥ!" ብዬ ሮጥኩ። "ጎበዝ!" ተፈጥሮ ነው አልኩ በልቤ። ተሰጥኦ ነው።

የምንሰማው እንደ ቁጥራቸው ተራ ስላልነበር፣ በአምስተኛው ቀን መጨረሻ የቀረን ቁጥር ሰባት ነበር። ክዳኑ ላልቷል። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ውስጡ ቁራጭ ኪያር እንጂ ነፍስ ያለው ነገር የለም። ላሾፍባቸው አሰብኩ።

"ያለማቋረጥ ነው ጋሼ፣ ደግሞ እንዴት ያምራል!"

ጆሯቸውን ወደ ጠርሙሱ አዘነበሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ።

"ጎበዝ! ጥርት ብሎ ይሰማል" አሉና ጻፉት።

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። እሳቸው እስክሪብቶውን እንደያዙ፣ ለኪያሩ ፈገግ እንዳሉ ነበሩ።

ቤቴ ገብቼ ልጄን አስተኛሁና ቁጭ አልኩ። ሰውዬው አይሰሙም። እየፈተኑኝ አልነበረም፤ መልሱን ከእኔ ነበር የሚወስዱት። እኔ ደግሞ ከሃያው ስንቱን ሰምቼ፣ ስንቱን ገምቼ እንደነገርኳቸው አላውቅም። የአሥራ አንድ ዓመቱን ነገር በድስት ጥድፊያ ገድዬው ቁጭ ብያለሁ።

በማለዳ በመስኮት ሳይ፣ ጋሽ ይለያል ኮታቸውን ለብሰው፣ ፖስታውን ደረታቸው ላይ ይዘው ከግቢው ሊወጡ ነው። ልጄን አንከብክቤ፣ በአንድ እግሬ ነጠላ ጫማ በሌላው የባለቤቴን ጫማ አድርጌ ተከተልኳቸው።

"ጋሼ! ይቁሙ! ፖስታው አይሄድም!"

"ምን ሆነሻል? ጫማሽ እኮ ይለያል።"

"ቁጥር ሰባት ባዶ ነበር።"

"ባዶ?"

"ባዶ። ኪያር ብቻ ነው የነበረው።"

ትንሽ አሰቡ። "እንግዲያው ኪያሩ ሲዘፍን ነው የሰማሽው።"

"እርስዎስ? 'ጥርት ብሎ ይሰማል' አላሉም?"

 ሌላውንም ነገርኳቸው፤ ልቅሶውን፣ ድስቱን፣ ግምቱን፣ ሁሉንም። ፖስታውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

"አራት ዓመት ሆነኝ" አሉ። "አንድ ሰሞን ሁሉም ጸጥ አሉብኝ። አለቁ ብዬ አጥሩ ሥር ተንበርክኬ ባይ ክንፋቸው ይፈተጋል፣ ድምፅ ግን የለም። ድምፁ እንደተዘጋ ቴሌቪዥን። ሰው ሲያወራ ይሰማኛል፣ መኪናው ይሰማኛል። እነሱ ብቻ ናቸው የቀሩብኝ። ቀጭን ድምፅ በዕድሜ ይሄዳል አሉኝ።"

"የኔ ድምፅም ቀጭን ነው፣ ለዚህ ነው ሠላሳ ዓመት ያልሰማኸኝ!" አሉ እትዬ ከመስኮት።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሼ?"

"ፈተና ነው ከተባለ ሰው ይጠነቀቃል ብዬ ነዋ!"

"ፈተና ከሆነማ ሰው ይገምታል እንጂ!"

እንዲህ ስል እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉት አስተማሪዎቼ ሁሉ ፊቴ ድቅን አሉ። ጋሽ ይለያልም ሳቅ አመለጣቸው። ከዚያ ቁም ነገር ተነጋገርን። ፖስታው ተቀደደ፣ ለቁጥር ሰባት አዲስ ፌንጣ ተያዘ፣ ድስቱን አመሻሽ ላይ ባለቤቴ እንዲጠብቅ ተወሰነ።

አምስት ቀን ሙሉ እንደገና ሰማሁ፤ አሁን የእውነት። እንደፈራሁት አልከበደኝም። የልጄን የረሃብ ልቅሶ ከእንቅልፍ ልቅሶዋ በሁለት ግድግዳ አልፌ እለያለሁ። ሲርባት እየቆራረጠች ትንፋሽ ትወስዳለች፣ እንቅልፏ ሲመጣ ደግሞ ሳታቋርጥ ታላዝናለች። ፌንጣዎቹም ያው ናቸው። (ይቅርታ፤ "ያው" ማለቴ አይደለም።) ያልሰማሁ ጊዜ "አልሰማሁም" አልኩ። ጋሽ ይለያልም "አልሰማችም" ብለው፣ እንደ ትልቅ ግኝት አስምረው ጻፉትና በማግስቱ ደግመን ሞከርን።

ሲያልቅ መሳቢያው ተከፈተና ሁለቱ ደብተሮች ጎን ለጎን ተዘረጉ። ባለ መሐል ጥርሶቹ ያለማቋረጥ ይዘፍናሉ። ባለ ጫፍ ጥርሶቹ እየቆራረጡ። እየወረድን፣ እየወረድን፣ አሥራ ዘጠኙ ልክ ገጠሙ። ያልገጠመው አሥራ አራተኛው ብቻ ነው። እሱ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ነው የሚለው፤ ልጄ እንደምታለቅሰው፣ ገና ስም እንዳላወጣሁለት ልቅሶ።

"እኔ ተሳስቼ ይሆናል" አልኩ።

ማጉያ መነጽራቸውን ሰኩ። ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ የመጣውን ብርሃን ሳይ ምን እንደሚሉ ገባኝ።

"ይለያል!"

ዶክተሯ መጡ። ጫማቸው አቧራ የለበሰ፣ ንግግራቸው አጭር ሴት ናቸው። መቅጃቸውን አጥሩ ሥር ተክለው ሁለት አመሻሽ ተቀመጡ። በሁለተኛው ቀን ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውርደው "ሁለት ናቸው" አሉ።

"ዶክተር፣ አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ" አሉ ጋሽ ይለያል።

"ሁለት ዘር ናቸው፣ ጋሼ።"

"እንዴት?"

"ሰምቷል፣ አይድገሙለት!" አሉ እትዬ፤ ግን እሳቸውም በመዳፋቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር።

ቁጥር አሥራ አራትን ዶክተሯ "ያረጀና ክንፉ ያለቀ ይመስለኛል" ብለው አለፉት። ጋሽ ይለያል በትሕትና እስከ በሩ ሸኟቸው፣ ተመልሰውም ኮታቸውን ሳያወልቁ አዲስ ደብተር ከፈቱ።

ባለቤቴ በቀደም ዕለት ገበያ ሄዶ ቲማቲም አመጣ። አየሁትና "ይኼ ያለፈው ሳምንቱ አይደለም" አልኩት። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ "በቃ፣ አንቺና ጋሼ አንድ ሆናችሁ!" ሲለኝ፣ እኔ ከዚህ፣ እሳቸው ከግድግዳው ማዶ፣ እኩል ጮህን። ምን ብለን እንደጮህን ታውቃላችሁ። ልጄ ነቃችና ሳቀች። ስትስቅ ሳያት፣ የጆሮዋ ጫፍ እውነትም ከአባቷ ይለያል። የጎረቤቴ ዓይን ይባረክ፤ ለአማቴ ግን አልነገርኩም።

ይህን እየጻፍኩ መሆኔን ሲሰሙ ጋሽ ይለያል መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ አንድ መልእክት አላቸው። እንዳሉት ነው የማሰፍረው፦

"አንባቢዎች ሆይ፣ አመሻሽ ላይ አጥራችሁ ውስጥ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም የሚዘፍን ከሰማችሁ ጻፉልኝ። ጆሯችሁ ገና ሳለ ወጥታችሁ ስሙልኝ። ካልሰማችሁ ደግሞ አልሰማንም በሉኝ፤ እሱንም አስምሬ እጽፈዋለሁ። ብቻ እባካችሁ፣ አትገምቱ።"