ለእማማ ጫልቱ የተጨበጨበበት እሑድ

ሰው ሁለት እጅ የተሰጠው ለሥራ ይመስለኝ ነበር፤ እየቆየሁ ሳየው ግን ብዙውን ጊዜ እርስ በርስ ሲያላትማቸው ነው የሚውለው። ባለሥልጣን ንግግር ሲጀምር ይጨበጨባል። ሲጨርስም ይጨበጨባል፤ ይኼኛው እንኳ ከልብ ነው። ሪባን ሲቆረጥ ይጨበጨባል፤ መቀሱ ደንዞ ትልቁ ሰው ከሪባኑ ጋር ሲታገሉም፣ እንዳያፍሩ ተብሎ ይጨበጨባል። በዚያን ዘመን፣ በሃምሳዎቹ ማለቴ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ የማይመረቅ ነገር ስላልነበረ የከተሜው መዳፍ ከገበሬው መዳፍ አይለይም ነበር። ታዲያ ይኸው ጭብጨባ አንድ ቀን ተነሥቶ ቅዳሴ ቢገባስ? እኛ ሰፈር ገብቶ ነበር። ላውጋችሁ።

መካኒሳ ያኔ ገና ገጠር ነው። ከወንዙ ወዲህ ጤፍ፣ ከወንዙ ወዲያ ባሕር ዛፍ፣ መሐል ላይ ቆርቆሮዋ ፀሐይ ሲያርፍባት ከሩቅ የምታንጸባርቅ ትንሽ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን። ምእመናኑ ከየአገሩ የተሰባሰብን ነን፤ ከአጋሜ የመጣ አለ፣ ከከምባታ የመጣ አለ፣ እዚያው ተወልዶ እዚያው የሚያርስም አለ። እኔ በአዘቦቱ መሥሪያ ቤት ታይፕ እመታለሁ፤ እሑድ እሑድ ሃርሞኒየም። ቅዳሴው በላቲን ስለነበረ ዝምታችን ለጉድ ነበር፤ ያልገባው ሰው ምን ብሎ ይንጫጫል? አቦን የሚሳለሙት ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ከበሮ ተመትቶ፣ ተሸብሽቦ፣ በእጅ ተጨብጭቦ ሲመሰገን ያደጉ ናቸውና፣ በደጃችን ሲያልፉ “ምነው፣ ውስጥ የታመመ ሰው አለ እንዴ?” ይሉን ነበር።

በኋላ ቅዳሴው በየአገሩ ቋንቋ ይሁን የሚል ፈቃድ ከሮም መጣ። ቄሳችን አባ ሉካ ጣሊያን ናቸው። አማርኛን በጣም ይወዱታል፤ አማርኛ ግን ገና አልለመዳቸውም። የመጀመሪያውን የአማርኛ ስብከታቸውን ሊሰብኩ ቆሙና፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው፣ “ጌታችን ጠላችሁን ውደዱ ብሎናል!” አሉ።

ጠላታችሁን ለማለት ነው።

አንዲት ፊደል ብትወድቅ የወንጌሉ ትእዛዝ እንዴት እንደሚቀል አያችሁ? ከኋላ የተቀመጡት ወንዶች ትእዛዙን ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ሲፈጽሙት ያደሩ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ሳቅ አረገዘ። ነጠላ አፍ ላይ ተጠቀጠቀ፣ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፣ አንዱ የውሸት ሳል ጀመረ። ሳቁ ሊፈነዳ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ከፊት አግዳሚ ላይ ጭብጨባ ተሰማ። ግራዝማች ደምሴ ናቸው።

ግራዝማች ደምሴ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ነበሩ። ከተማ ውስጥ በሚደረገው ምረቃ ሁሉ ተጠርተው ከፊት ስለሚቀመጡ፣ ጭብጨባ የማይሸፍነው ነውር እንደሌለ ያውቃሉ። ቄሱን ከውርደት ሊያድኑ ነው ያጨበጨቡት። እኛም ነፍሳችንን ከሳቅ ልናድን ተከተልናቸው። አባ ሉካ ግን ይህን በምን ይወቁ? ፊታቸው ቀላ፣ ዐይናቸው እንባ አቀረረ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። በደግነት የተጀመረ ነገር እንዲህ ነው፤ ማን ያቆመዋል?

ከዚያ ወዲያ ስብከት ሳይጨበጨብለት የሚያልፍበት እሑድ ጠፋ። አባ ሉካም ጭብጨባው የት የት እንደሚመጣ ለዩና እዚያ ቦታ ሲደርሱ ትንፋሽ መውሰድ ጀመሩ። ለመዘምራኑ ተጨበጨበ። አበባ ላመጣችው ሴት ተጨበጨበ። ሲጠመቅ ላላለቀሰ ሕፃን ተጨበጨበ፤ ላለቀሰውም እንዳይከፋው ተብሎ ተጨበጨበ። ለሃርሞኒየሙ ሲጨበጨብ እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ እቀበል ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ሃርሞኒየሙ ራሱ እጅ አይነሣ።

የተቃወሙት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምሩን መምህር ጳውሎስ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲቀመጡ እንኳ የቆሙ የሚመስሉ ሰው ናቸው።

“አቦ ደጅም እኮ ይጨበጨባል፣ መምህር” አሏቸው ግራዝማች አንድ ቀን ከቅዳሴ ስንወጣ።

“እዚያ የሚጨበጨበው ለእግዚአብሔር ነው። እኛ የምናጨበጭበው ለአባ ሉካ ነው።”

“ታዲያ አባ ሉካ የማን ናቸው? የእግዚአብሔር አይደሉም?”

መምህር ጳውሎስ ቁጣቸውን ውጠው ሄዱ። ግራዝማች ግን ያሸነፉ መስሏቸው ዙሪያቸውን ቃኙ። የሚያጨበጭብ ቢያገኙ ደስ ባላቸው።

እንዲህ ሆነን ሳለን ነው የእማማ ጫልቱ ልጅ ላይ ድንጋይ የተናደው። እማማ ጫልቱ ከሰፈሩ ነባር ገበሬዎች ናቸው፤ ባላቸውንና ታላቁን ልጃቸውን ቀብረው ከቶሎሳ ጋር ብቻ የቀሩ። ቶሎሳ በክረምት ያርሳል፣ በበጋ ለቡ አጠገብ ድንጋይ ማውጫ ይሠራል። ናዳው ራሱን መታው፤ ሆስፒታል ተኝቶ ሰውም አይለይ፣ ቃልም አይወጣው።

በዚያው ሰሞን አባ ሉካ አዲስ ሥርዓት አምጥተው ነበር፤ ከስብከት በኋላ፣ በልቡ ልመና ያለው ሰው ተነሥቶ ጮክ ብሎ ይለምን። እሑድ ዕለት እማማ ጫልቱ ተነሡ። ሰው መሐል ተናግረው አያውቁም። መቋሚያቸውን ይዘው፣ ወደ መንበሩ አቅንተው እንዲህ አሉ፦

“ጌታዬ፣ ባሌን ወሰድክ፤ ዝም አልኩ። ትልቁን ልጄን ወሰድክ፤ አለቀስኩ እንጂ ምን አልኩህ? ይኼን ግን ተውልኝ። ትላንት ልጄ ራስጌ ተቀምጬ ስጠራው አልሰማኝም። ሐኪሙ ‘እናቴ፣ ወደ እግዜር ተመልከቺ’ አለኝ። ይኸው ተመለከትኩ። አንተስ ወዴት እያየህ ነው?”

እንዲህ ያለ ንግግር በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። ሁላችንንም ከላይ እስከ ታች ነዘረን። የሚነዝር ነገር ስንሰማ ደግሞ ምን ማድረግ ነው የለመድነው? አዎ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

እማማ ጫልቱ ደነገጡ። መጀመሪያ እኛን አዩን። ከዚያ ፊታቸው ድንገት በራና ወደ በሩ ዞሩ።

“ልጄ መጣ?” አሉ።

እጆቻችን አየር ላይ ቀሩ። እማማ ጫልቱ በሩን ያያሉ፤ በሩ ላይ ማንም የለም። “ምነው? የምሥራች አይደለም እንዴ የሰማችሁት?” ብለው ጠየቁ። መምህር ጳውሎስ ከተቀመጡበት ተነሥተው በቀስታ ደግፈው አስቀመጧቸውና አጠገባቸው ተንበረከኩ። “ብዬ ነበር እኮ” የምትለዋን ቃል ወራት ሙሉ አዘጋጅተዋት ነበር፤ ያን ቀን ግን አላወጧትም። አባ ሉካ የቀረውን ቅዳሴ አንገታቸውን ደፍተው ጨረሱ። ምሳም ሳይበሉ ከእማማ ጫልቱ ጋር ወደ ሆስፒታል ሄዱ አሉ።

በሚቀጥለው እሑድ ክልከላው ታወጀ። “በዚህ ቤት ከእንግዲህ ለሰው አይጨበጨብም። ጥፋቱ ከሁሉ በፊት የኔ ነው፤ ጣፍጦኝ ነበር” አሉ አባ ሉካ። ቆንጆ ንግግር ነበረች። ግራዝማች ሁለቱን እጆቻቸውን አንሥተው፣ ነገሩ ትዝ ሲላቸው በርኖሳቸው ውስጥ ወሸቋቸው። ዝምታችን ተመለሰ።

ቶሎሳ ዐይኑን መግለጡን ሰምተን ነበር፤ ይራመዳል ብሎ የጠበቀ ግን አልነበረም። አንድ እሑድ፣ ቁርባን ተቀብለን ሁሉም አንገቱን በደፋበት ሰዓት በሩ ሲጥ አለ። ቶሎሳ ነው። ራሱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከስቶ፣ በምርኩዝ ቆሟል።

እማማ ጫልቱ እልልታቸውን ለቀቁት። እልልታው ቆርቆሮውን አልፎ የሄደ መሰለኝ። ልጃቸውን አንገቱን አቅፈው እልል አሉ፣ ትንፋሽ ወስደው ደግመው እልል አሉ። እኛ ድርቅ ብለን እናያለን። በመጨረሻ ዞር አሉና፣

“ምን ሆናችሁ? ያኔ ሳለቅስ አጨበጨባችሁልኝ፤ ዛሬ ደስ ሲለኝ ዝም ትሉኛላችሁ?” አሉ።

ሰው ሁሉ አባ ሉካን አየ። አባ ሉካ መምህር ጳውሎስን አዩ። መምህር ጳውሎስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ዐይናቸው ግን ቀልቷል።

“ስለ እልልታ የተባለ ነገር የለም” አሉ።

ሴቶቹ ሌላ ቃል አልጠበቁም። እኔም ማንም ሳያዘኝ ሃርሞኒየሙ ላይ ወደቅኩበት። አባ ሉካ ከመንበሩ ወርደው የቶሎሳን ግንባር ሳሙ።

ስንወጣ ግራዝማች ደምሴ በሩ ላይ ቆመው አባ ሉካን ጠበቋቸው። እጃቸው አሁንም በርኖሳቸው ውስጥ ነው።

“አባ፣ እልልታው የሴቶች ነው። ለኛ ለወንዶቹስ ምን ተፈቀደልን?”

አባ ሉካ ትንሽ አሰቡ። “ዝም ማለት” አሉ።

ግራዝማችም አሰቡበት። “ከዚህስ ጾም ይጨመርብን” ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።