ጋሽ ወልደገብርኤልና የወንድሜ አውሮፕላን

ሐኪም የሌለበት ሰፈር ሞልቷል፤ ሐኪምን የሚያዝ ሰው የሌለበት ሰፈር ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እንዲህ ያለው ሰው፣ እገሌ ታመመ ሲባል ከቤተሰቡ ቀድሞ ይደርሳል። በሽተኛውን ምላስህን አውጣ ይለዋል፣ ግንባሩን ይዳብሳል፣ ራሱን ይነቀንቃል። የተናገረው ሳይሆን ሲቀር ጥፋቱ የበሽታው ነው።

ልደታ ላይ ይህን ሥልጣን ይዘው የኖሩት ክቡር ጋሽ ወልደገብርኤል ነበሩ። ሥራቸው ልብስ ስፌት ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ መኪናቸውን እየረገጡ የሰፈሩን ሱሪ ሁሉ ያሳጥራሉ። ልባቸው ግን ሱሪው ላይ አልነበረም። ከጓሯችን አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አለ፤ ያኔ ወታደር ነበር የሚጠብቀው። ከዚያ አንድ ነገር በተነሳ ቁጥር ጋሽ ወልደገብርኤል መርፌውን አቁመው ወደ ጣሪያው ያያሉ።

የሚታወቁበት ፍርድ አንድ ነው። “ይሄ በመኪና የሚሄድ ሕመም አይደለም።”

ወይዘሮ ደሚቱ ከደረጃ ወድቀው ቁርጭምጭሚታቸው የዞረ ጊዜ ጋሽ ወልደገብርኤል እግራቸውን ዳብሰው ይህንኑ ፈረዱ። ሆስፒታሉ ከወይዘሮ ደሚቱ ደጃፍ ይታያል።

“ታዲያ በምን ልሂድ?” አሉ ወይዘሮ ደሚቱ።

“በአየር ነዋ።”

ወይዘሮ ደሚቱ ትንሽ ሰማዩን ካዩ በኋላ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው በእግራቸው ሄዱ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ አንድ ቀን ጠይቄያቸዋለሁ። በልጅነታቸው፣ እምድብር ሳሉ፣ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን የግጦሽ ሜዳ ላይ አርፋ በሬ የወጋውን ሰው ይዛ ስትሄድ አይተዋል። “ሰውየው ዳነ?” ብላቸው፣ “እሱን እንጃ። አነሳሷን ግን ብታይ” አሉኝ።

በቀበሌ ስብሰባ ላይም ዝም አላሉም። “ልዩ ልዩ ጉዳዮች” የተባለው ሰዓት ሲደርስ እጃቸውን አውጥተው፣ በየገጠሩ ለበሽተኛ የሚሆን አውሮፕላን ይመደብ አሉ። ሊቀመንበራችን ጓድ ነገሪ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የወታደር ማረፊያ ጥግ የሚኖር ሰው ስለ አውሮፕላን አብዝቶ ሲያወራ ያኔ የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

“አውሮፕላኑን ለማን ነው የፈለጉት?”

“ለበሽተኛ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።”

“ለየትኛው በሽተኛ?”

“ወደፊት ለሚታመመው።”

ጓድ ነገሪ “ይጣራል” አለ። ምኑ እንደሚጣራ ለማናችንም አልገባንም። ግን ለሰሞኑ ብዙ ሰው ጋሽ ወልደገብርኤልን ከሩቅ ነበር ሰላም የሚላቸው፤ ሱሪ የሚያሳጥርም ጠፋ።

ያ ክረምት ሳይወጣ የኔ ቤት ተራ ደረሰ። ታናሽ ወንድሜ ሙለታ ኢሉባቦር ውስጥ አንድ የመንግሥት እርሻ ላይ የትራክተር መካኒክ ነበር። ከእርሻው ዋና መሥሪያ ቤት በአስቸኳይ ና ተብዬ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ወዳለው ቢሮ ሮጥኩ። የትራንስፖርት ኃላፊው ጓድ ጴጥሮስ በሬዲዮ የመጣውን መልእክት አነበበልኝ።

“ሙለታ ገረሱ ትራክተር ተገልብጦበታል። ሁኔታው አስጊ ነው። ይላክ።”

“ማን ነው የሚላከው?” አልኩ።

“ይላክ ነው የሚለው።”

“እሱ ወዲህ ይላክ ነው ወይስ ሐኪም ወዲያ ይላክ?”

ጓድ ጴጥሮስ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ጀርባው ባዶ ነው። ከዚያ ዝናቡ መንገዱን እንደቆራረጠው፣ እርሻው አንዲት ትንሽ አውሮፕላን እንዳለችው፣ ለሕክምና የግድ መሆኑን ሐኪም ካላረጋገጠ ግን እንደማትነሳ ነገረኝ።

ሆስፒታል ሄድኩ። ወጣት ዶክተር ነበር፣ ክፉ ሰው አይደለም። “ያላየሁትን ሰው የግድ ነው ብዬ እንዴት እፈርማለሁ? አምጣውና ልየው” አለኝ።

ወደ ጓድ ጴጥሮስ ተመለስኩ።

“ሐኪሙ አየው?”

“ሳይመጣ አይታይም።”

“ሳይታይ ደግሞ አይመጣም” አለ፤ እሱም ተጨንቆ።

አደባባዩ ላይ ቆሜ ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝ። ወንድሜ እየሞተ ነው፤ አውሮፕላኗ አለች፤ ሐኪሙ አለ፤ ሁሉም ልክ ነው። ማንን እንደምቆጣ እንኳ አላወቅኩም። እግሬ ወደ ሰፈር መራኝ፤ ደጄ ላይ ጋሽ ወልደገብርኤል ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ ቆመዋል። ወሬውን ሰምተዋል። “ተነስ፣ ዶክተሩ ዘንድ እንሂድ” አሉኝ። እምቢ የምልበት አቅም አልነበረኝም።

ዶክተሩ ፊት እንደቆሙ ሙለታን ያዩት ይመስል መተንተን ጀመሩ። “ሆዱ ተነፍቷል። ሳንባው ውሃ ቋጥሯል። ጉበቱም ቦታውን ለቋል።”

“ማን ነገረዎት?”

“ይገመታል።”

“ጉበት እንዴት አድርጎ ነው ቦታውን የሚለቀው?”

“ትራክተር ሲጫነው የት ይቀመጣል?”

ዶክተሩ ፊቱ ቀላ። “ግምትዎን ለራስዎ ይያዙት። በዓይኑ ያየውን ሰው አገናኙኝ” አለ። ያኔ ነው ሬዲዮው ትዝ ያለኝ። እሱም ነጭ ጋዋኑን አወለቀና ከኛ ጋር ወጣ፤ ልረዳ ብሎ ይሁን ከጋሽ ወልደገብርኤል ለመገላገል እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

የእርሻው ዋና መሥሪያ ቤት ሬዲዮ ክፍል ውስጥ ጫጫታና ፉጨት ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ ማዶ የእርሻው ድሬሰር፣ ቁስል አሳሪው፣ አለ።

“ዳሌውን ስትነካው ይነቃነቃል ወይ?” አለ ዶክተሩ።

“ዳቦ አልበላም” አለ ድሬሰሩ።

“ዳሌ። ዳሌውን።”

ብዙ ከተመላለሱ በኋላ ነገሩ ጠራ። ዶክተሩ ወደ ጓድ ጴጥሮስ ዞረ። “ዳሌው ተሰብሯል፣ ውስጥ ለውስጥ እየደማ ነው። እዚያ ደም የሚሰጠው የለም። በዚያ መንገድ በጭነት መኪና ሲናጥ ከዋለ ጂማ ሳይደርስ ያልቃል። የግድ ማለት ይሄ ነው።” ብሎ ፈረመ።

ዘወር ብዬ ጋሽ ወልደገብርኤልን አየሁ። ዕድሜ ልካቸውን የፈረዱትን ፍርድ ሐኪም ሲደግመው ደረታቸውን የሚነፉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። “እውነት ነው እንዴ?” አሉኝ በሹክሹክታ። “እንዲህ ክፉ ነው?”

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ አውሮፕላኗ እንደተነሳች ተነገረኝ። የት እንደምታርፍ ብጠይቅ ጓድ ጴጥሮስ “ማረፊያው ነው የሚለው” አለ። ጋሽ ወልደገብርኤል ልደታ ነው፣ እዚሁ ጓሯችን ነው ብለው ማሉ። ከጆንያ የሰፉትን ቃሬዛ ጎረቤቱን አሸክመው ወደ አሮጌው ማረፊያ በር ወረዱ። እኔ ከዶክተሩ ጋር በአምቡላንስ ቦሌ ሄድኩ።

ያረፈችው ቦሌ ነው። ሙለታን ሲያወርዱት ፊቱ አመድ መስሏል። እጄን ይዞ “አባባ እንዳይሰማ” አለኝ። ወዲያው ቀዶ ጥገና ገባ፤ ከቀትር በኋላ ዶክተሩ ወጥቶ፣ እግሩ ማንከሱ አይቀርም፣ ነፍሱ ግን ተርፋለች አለኝ። ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ።

ቤቴ ስደርስ ጓድ ነገሪ ሽጉጡን እንደታጠቀ ደጄ ላይ ቆሟል። እጁ ላይ ቁራጭ ወረቀት አለ። እሱ እንደነገረኝ፣ የማረፊያው ወታደሮች በሽተኛ የሌለበት ቃሬዛ የተሸከመ ሕዝብ በራቸው ላይ ቢያዩ በሽተኛው የት አለ ብለው ጠየቁ። ጋሽ ወልደገብርኤል ወደ ሰማይ አመለከቱ። ከቤተሰብ በቀር ሁሉም ይበተን ሲባል ሌላው ተበተነ። እሳቸው ግን ወንድሙ ነኝ ብለው ቀሩ። ስም ሲጠየቁም አስመዘገቡ። አሁን ጥበቃ ክፍል ታስረዋል፤ ማንነታቸውን ቀበሌው እንዲያረጋግጥ ተጠይቋል።

“ወልደገብርኤል ገረሱ ይላል” አለ ጓድ ነገሪ። “ገረሱ ያንተ አባት አይደሉም?”

“ናቸው።”

“እናንተ የነቀምቴ ሰዎች ናችሁ።”

“ነን።”

“እኚህ ሰውዬ የእምድብር ሰው ናቸው።”

“ናቸው።”

ጓድ ነገሪ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። “ጓድ ዋቅሹማ፣ እኔ ግራ ገብቶኛል። ዋሽተው ከሆነ ነገሩ ከኔ እጅ ይወጣል። አንተም ብትዋሽ እንደዚያው ነው። ለመሆኑ ስንት ወንድም ነው ያለህ?”

ጋሽ ወልደገብርኤል ከጠዋት ጀምሮ ቃሬዛቸው ላይ ተቀምጠው ጆሯቸውን ወደ ላይ እንደሰጡ ታየኝ። ሙለታ መትረፉን እንኳ የነገራቸው የለም።

“ሁለት” አልኩት። “አንዱ ሆስፒታል ተኝቷል። አንዱን ና አብረን ሄደን እናስወጣው።”