ሸራው አንድ ቤት፣ ቋሚው ሌላ ቤት

ገለልተኛ ሰው በሰላም ይኖራል የሚል ካለ የእድር አባል ሆኖ አያውቅም ማለት ነው። አገር ለሁለት ሲከፈል ገለልተኛ መሆን ይቻላል፤ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ነው። እድር ሲከፈልስ ምንዎን ያጠፋሉ? ጎረቤትዎን? ደግሞስ ከመንግሥት ሁሉ ለሰው የሚቀርበው እድር አይደለም እንዴ? ሌላው ቢበዛ እስከ ደጃፍ ይመጣል፤ እድር ግን ጉድጓድ ድረስ ይሸኛል።

የኛ መንደር፣ የዘመሮ፣ እድር መሪ ጋሽ ደምሰው ይባላሉ። ድሮ ሊቀመንበር ነበሩ። ቃሉ አርጅቷል ብለው አዲስ ማኅተም ሲያስቀርጹ «ፕሬዚዳንት» አስባሉት። ከዚያ ወዲህ ንግግራቸውም አብሮ ረዘመ። ቀብር ላይ ሟች አፈር ከለበሰ በኋላ ስለ ድንኳን አያያዝ፣ ስለ ጠፉ ብርጭቆዎች፣ ከስብሰባ ስለሚቀሩ አባላት ይናገራሉ። በመንዝ ነፋስ መቃብር ዳር አንድ ሰዓት መቆም ምን እንደሆነ የቆመ ያውቀዋል። አንድ ቀን ከኋላ በኩል አንዱ «እኚህ ሰውዬ አንዱን አስቀብረው ሌላውን በብርድ ሊገድሉን ነው» ብሎ አጉረመረመ። ተቃዋሚ የሚባለው ወገን የተወለደው ያኔ ነው።

ተቃዋሚዎቹ በምትካቸው ባለወፍጮውን አቶ ከፈለኝን አጩ። ብርቱ ሰው ናቸው፤ ችግራቸው የወፍጮው ጩኸት ጆሯቸውን ማክበዱ ነው። የጋሽ ደምሰው ሰዎች «የማይሰማ ሰው እንዴት ይመራናል?» ሲሉ፣ የአቶ ከፈለኝ ሰዎች «ለመሆኑ የሚሰማ መሪ መቼ ኖሮን ያውቃል?» ብለው መለሱ። ጡረታ የወጡ አንድ አሥር አለቃ ስማቸው ተነሥቶ ነበር፤ በሰልፍ ያስለቅሱናል ተብሎ ተፈራና ቀረ።

ጠቡ ሲከር ሽማግሌ ተቀመጠ። ምርጫው እስኪደረግ አንዱ ወገን ድንኳኑን ይዞ እንዳይጠፋ ሸራው ጋሽ ደምሰው ቤት፣ ቋሚዎቹና ካስማዎቹ አቶ ከፈለኝ ወፍጮ ቤት እንዲቀመጡ ተፈረደ። ምን የመሰለ ፍርድ! ምርጫው ሦስት ጊዜ ተቀጥሮ ሦስቴም በጭቅጭቅ ተበተነ። በዚህ መሃል ሁለት ሰው ሞተ፤ ለሁለቱም ውርጭ ላይ፣ ሜዳ ላይ ተቀምጠን አለቀስን። ሸራ ያለው «ቋሚ አልሰጥም ያለኝን ሰው አልለምንም» አለ፤ ቋሚ ያለውም እንደዚያው።

እኔ ምን አደረግሁ? ለሁለቱም በየተራ «ከእርስዎ ጋር ነኝ» አልኩ። ፈሪ ነኝ፣ አልደብቅም። እናቱ አልጋ ላይ የተኛችበት ሰው ቀባሪ አያማርጥም።

እናቴ ወይዘሮ አስካለ ሰማንያን ካለፈች ቆይታለች። የዘንድሮው ብርድ ሳንባዋን አግኝቷት ሁለት ወር ተኛች። የድንኳኑን ነገር የሰማች ቀን ቀና ብላ «ለእኔ በግማሽ ድንኳን አይለቀስልኝም፤ እስኪታረቁ እዚሁ ነኝ» አለች። ቀልዷን መስሎኝ ነበር። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ግን በመጣ ቁጥር ይደነቃል። «በምን ኃይል ነው የሚተነፍሱት?» ይለኛል። በንዴት ነው፣ እላለሁ በሆዴ። እኔ በበኩሌ እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ። እሷ በተነፈሰች ቁጥር እቆጥራለሁ፤ አንዷ ትንፋሽ ከዘገየች የኔም አብራ ትቆማለች።

አንድ ማለዳ ትንፋሿ አላማረኝም። ባለሙያውን ልጠራ ያገኘሁትን ነጠላ ጣል አድርጌ ወጣሁ። ለካ በድንጋጤ ነጠላውን አዘቅዝቄው ኖሯል፣ ልክ እንደ ሐዘንተኛ! ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ አየኝና ቆብ አውልቆ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አለኝ። እኛ ሰዎች ደግሞ ምርቃት ሲወርድ መርምረን አንቀበልም፤ አፋችን ቀድሞ ይመልሳል። «አሜን» ብዬ ሩጫዬን ቀጠልኩ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ባለሙያው መድኃኒቱን ሲሰበስብ ጡሩምባው ተነፋ። «የእትዬ አስካለ ቀብር» አለ ድምፁ፣ እየተጎተተ። ያንን ሁሉ ሌሊት አጠገቧ ቁጭ ብዬ አድሬ፣ በመጨረሻው ሰዓት ጥያት መውጣቴ ነው የቆጨኝ። ማን ነገራቸው ብዬ መጠየቅ እንኳ አልታሰበኝም። እዚያው መንገድ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ባለሙያው ብብቴን ይዞ ወደ ቤት ወሰደኝ።

ስንደርስ ግቢዬ በሰው ተሞልቷል። ኋላ እንደነገሩኝ፣ የጋሽ ደምሰው ወገን ቀድሞ ለመታየት ሸራውን ተሸክሞ መጣ። የአቶ ከፈለኝ ወገን ይሄን ሲሰማ ቋሚውን በአህያ ጭኖ ደረሰ። ሸራ ያለ ቋሚ ምንጣፍ ነው፤ ቋሚም ያለ ሸራ ማገዶ። ለቀስተኛው በር ላይ እያየ ሁለቱ ወገኖች ተፋጠጡ። መጨረሻ ላይ «ልጁ የኛ ሰው ነው» ሲል አንዱ፣ «የለም፣ የኛ ነው» ሲል ሌላው፣ በእልህ ድንኳኑ ተተከለ፤ ቤት ገብቶ ያየ ግን አንድም የለም። የኔ ፍርሃት እንዲህ ዓይነት ፍሬ ያፈራል ብሎ ማን ገመተ?

እኔ እያለቀስኩ ልገባ ስል እናቴ በትሯን ተደግፋ ከቤት ወጣች። የሚያለቅሱት ሴቶች ልቅሷቸውን ትተው አማተቡ። ጡሩምባ ነፊው አጥር ዘሎ ጠፋ። እኔማ እግሯ ላይ ወድቄ ጉልበቷን ይዤ ቀረሁ፤ መሞቋን ዳስሼ እስካረጋግጥ አላመንኩም።

እሷ ግን እኔን ከምንም ሳትቆጥር ድንኳኑን ሽቅብ አየችው።

«ማነው የሞተው?» ብላ ጠየቀች። ሰው ሁሉ ጡሩምባ ነፊው ወደ ጠፋበት አጥር ዞረ።

«ማነው የተከለው?»

ጋሽ ደምሰውና አቶ ከፈለኝ ተያዩ። በቁሟ ሊያለቅሱላት መጥተው ምን ይበሉ? ጋሽ ደምሰው አንገታቸውን ደፍተው «አብረን ነው የተከልነው፣ እትዬ» አሉ። አቶ ከፈለኝ ባይሰሙም ሁኔታው ገብቷቸው «አዎ፣ አብረን ነው፤ እሳቸው ይቀጥሉ፣ እኔም ምክትል እሆናለሁ» ሲሉ ጮኹ። ሕዝቡ እልል አለ። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ይህን እርቅ ስንት ሱባኤ ገብቼ ለምኜው ነበር መሰላችሁ!

እናቴ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር አስመጥታ ተቀመጠች። ፊቷ ሲፈታ ከሁለት ወር ወዲህ ገና ማየቴ ነበር። «ተመስገን» አለች በረጅሙ ተንፍሳ። «በሉ እንግዲህ፣ ከዚህ በኋላ ምን ያቆየኛል? የንስሐ አባቴን ጥሩልኝ።»

ሰው ሁሉ በእምነቷ ተነክቶ እንባውን ጠረገ። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። ዘወር ብዬ ጋሽ ደምሰውን በክንዳቸው ሳብ አደረግሁና ወደ ጆሯቸው ተጠጋሁ።

«ለመሆኑ» አልኳቸው፣ «አቶ ከፈለኝ ትናንት ስለ እርስዎ ያሉትን ሰምተዋል?»